አቧራው በየት ይውጣ? በግድግዳ ውስጥ የሚዘረጋው ቫኪዩምና በእጅ የሚጎተተው

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የክፍል ውስጥ ትምህርት ሳይሆን የግድግዳ ልስን ነው። አክስቴ ብዙ ዓመት ከኖረችበት ከቨርጂንያ ተመልሳ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ማሠራት ጀመረች። ሲያልቅ እናቴም አብራት እንድትኖር ነው የታሰበው። ብሎኬቱ ተገንብቶ ልሳኞቹ ሊገቡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው አክስቴ ጠራችኝና «እዚያ የነበረኝ ቤት ቫኪዩሙ ጋራዥ ውስጥ ተሰቅሎ ቱቦው በግድግዳ ውስጥ ነበር የሚሄደው። አንተ ሜካኒካል አይደል የምትማረው? ይሁን ወይም ይቅር በለኝ» አለችኝ። አንድ ሳምንት! ግድግዳ ከተለሰነ በኋላ ሐሳብ መቀየር ማለት መዶሻና መሮ ይዞ መመለስ ማለት ነው።

ነገሩን ቀላል አድርጌ እንዳላየው ያደረገኝ የእናቴ አስም ነው። በድሮው ቤታችን የጨርቅ ከረጢት ያለው አሮጌ ቫኪዩም ክሊነር ነበረን። ምንጣፉን በጠረግንበት ቀን ማታ ማታ እናቴን ያፍናት ነበር። እኛ ታዲያ «አቧራው በዝቶ ነው» እያልን ደጋግመን እንጠርጋለን። ጥፋቱ የማሽኑ ሊሆን ይችላል ብሎ የጠረጠረ ሰው አልነበረም።

እስቲ አሠራሩን እንመልከት። ቫኪዩም ክሊነር ውስጥ ያለው ፋን በከፍተኛ ፍጥነት እየዞረ አየሩን ወደ ውጭ ሲወረውር ከኋላው ያለው ግፊት ይቀንሳል። ያን ጊዜ የክፍሉ አየር ክፍተቱን ለመሙላት በቱቦው ሲሮጥ አቧራውን ይዞ ይገባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ማሽኑ ያስገባውን አየር በሙሉ መልሶ ማስወጣት አለበት። በእጅ የሚጎተተው ማሽን የሚያስወጣው እዚያው በሚጠረገው ክፍል ውስጥ ነው። ፍርፋሪና ፀጉር ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል። ሳንባ ድረስ የሚዘልቀው በጣም ደቃቁ ብናኝ ግን ተራውን ጨርቅ አልፎ ይወጣና አየር ላይ ይንሳፈፋል። እናቴን ያፈናትም ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

በግድግዳ ውስጥ የሚዘረጋው ማዕከላዊ ቫኪዩም ይህን ችግር የሚፈታው ማሽኑን ከመኖሪያ ክፍሎቹ በማውጣት ነው። ሞተሩና የቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጋራዥ ወይም ስቶር ውስጥ ይሰቀላሉ። 51 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ በግድግዳው ውስጥ እየሄደ በየቦታው አፍ ይኖረዋል። የሚጠርገው ሰው 9 ወይም 10 ሜትር የሚሆን ጎማ ብቻ ይዞ አፉ ላይ ይሰካል። ከቱቦው ጋር የተዘረጋው የ24 ቮልት ሽቦ ሞተሩን ያስነሳዋል። አየሩ ከቤት ውጭ እንዲወጣ ሲደረግ ያመለጠው ብናኝም አብሮ ይወጣል። ጩኸቱም ከሩቅ ነው።

የሚገርመው ግን ታሪኩ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሁበርት ሴሲል ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1901 የሠራው ማሽን በፈረስ የሚጎተት፣ በቤንዚን ሞተር የሚሠራ ትልቅ ነገር ነበር። መንገድ ላይ ይቆምና ረጃጅም ጎማዎች በመስኮት ይገባሉ። ያኔም አቧራው ከቤት ውጭ ነበር የሚቀረው ማለት ነው። በእጅ የሚያዘውን የኤሌክትሪክ መጥረጊያ በ1908 በፓተንት ያስመዘገበው ደግሞ ጀምስ መሪ ስፓንግለር የተባለ የኦሃዮ የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ ሲሆን አስም ነበረበት። የፋን ሞተር፣ የመጥረጊያ እንጨትና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ ነው የጀመረው። ከእናቴ ጋር የሚያመሳስላቸው በሽታ ስለሆነ ይህን ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር። የትራስ ልብሱን ሳስብ ግን የእኛ የጨርቅ ከረጢት ትዝ አለኝ።

እንግዲህ ማዕከላዊው ይሻላል ብዬ ልፈርድ ስል ቤቱ ራሱ ተከራከረኝ። የአሜሪካ መኖሪያ ቤት ግድግዳ በአብዛኛው ከእንጨት ተዋቅሮ በጂፕሰም ቦርድ የተሸፈነ፣ መሐሉ ባዶ ነው፤ ቱቦ ለማሳለፍ ቀላል ነው። የእኛ ብሎኬት ግን መቦርቦር አለበት። ገበያ ወጥቼ ያገኘሁት የፍሳሽ ቱቦ 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከማሽኑ መገጣጠሚያዎች ጋር አይገጥምም። ክርኑም በድንገት የሚታጠፍ ስለሆነ ፀጉርና ስንጥር ይይዛል። ለቫኪዩም የሚሠራው ክርን ቀስ ብሎ ነው የሚታጠፈው። አክስቴ የምታውቀው ማሽን በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፤ የእኛ መብራት 220 ነው። ለ220 የተሠራ ፈልጎ ማስመጣት ወይም ትልቅ ትራንስፎርመር መግዛት ያስፈልጋል። (ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ማሽን በቀጥታ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ጭስ ያያችሁ አንባቢያን ይህን በደንብ ትረዱኛላችሁ።)

ሌላው ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ የባሕር ዳርቻውን አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው የሚከብደው። ፋን የሚፈጥረው የግፊት ልዩነት ደግሞ በአየሩ ክብደት ልክ ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው የመሳብ ኃይል እዚህ ሩብ ያህሉ ይቀንሳል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውም ይኸው ሳሳ ያለ አየር ስለሆነ የበለጠ ይሞቃል። ይህ ሁለቱንም ዓይነት ይነካል፤ የሚገዛ ሰው ሁሉ ሊያስብበት ይገባል። በነገራችን ላይ ዋት ብቻ አይቶ መግዛት ያታልላል፤ ዋት የሚበላውን መብራት እንጂ የሚስበውን አቧራ አይናገርም። የአውሮፓ ኅብረት በ2017 ከ900 ዋት በላይ የሚፈጁ የቤት ቫኪዩሞች አዲስ ለገበያ እንዳይቀርቡ ማድረጉም ያለምክንያት አይደለም።

በእጅ ለሚጎተተውስ መፍትሔ የለውም? አለው። ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ 0.3 ማይክሮን ከሚሆኑት ብናኞች እንኳ 99.97 በመቶውን ይይዛል። ችግሩ የማሽኑ አካል በደንብ ካልታሸገ አየሩ ማጣሪያውን ትቶ በስንጥቅ መውጣቱ ነው። «ሄፓ» የሚል ጽሑፍ አይቶ መኩራት አይበቃም፤ ክዳኑ ጎማ አለው ወይ ብሎ ማየት ነው።

ለአክስቴ የነገርኳት ይህንን ነው። ቤቱ በአብዛኛው ሴራሚክ ስለሆነ መወልወል ይበቃዋል፤ ምንጣፍ የሚነጠፈው ሳሎንና ሁለት መኝታ ቤት ብቻ ነው። ለሦስት ምንጣፍ ግድግዳ አንቦርቡር፤ ደህና የታሸገ፣ የሚጣል የወረቀት ከረጢትና ሄፓ ያለው ይገዛ አልኳት። «ፎቅ ድረስ ማን ይሸከመዋል? ጉልበቴን አታውቀውም?» አለችኝ። በዚህ ላይ እውነቷን ነው፤ መልስም አልነበረኝም። በመጨረሻ ፎርማኑ ከስቶር እስከ ፎቁ ኮሪደር አንድ ክፍተት ትቶ በእንጨት እንዲከድነው ተስማማን፤ ገንዘቡና ትክክለኛው ቱቦ ከተገኘ አንድ ቀን ይገባበታል።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ማሽኑን ተሸክሜ ፎቅ የምወጣው እኔ ነኝ። እናቴ መስኮት አስከፍታ ግቢ ትቀመጣለች፤ ከጨረስኩ በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትገባም። ከረጢቱን የምቀይረውም እኔው ነኝ፣ ያውም ከበር ውጭ።