ዋልያው ስንት ሜትር ላይ ነው?

ሳንቃበር፣ የሰሜን ተራሮች ፓርክ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ጭላዳዎቹ ሌሊቱን ካደሩበት ገደል እየተንጠላጠሉ ወጥተው ሜዳው ላይ ተበትነዋል። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ለአምስት ቀን የተከራየሁትን ከ150 እስከ 600 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ዙም ሌንስ ታቅፌ፣ በሆዴ እየተሳብኩ ወደ መንጋው ልጠጋ ስዘጋጅ አብረውኝ የነበሩት የፓርኩ ስካውት ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳጋደሙ ሳቁብኝ።

«አንተ ልጅ፣ ዝም ብለህ ቁጭ በል። እነሱ ይመጣሉ» አሉኝ።

«አይሸሹም ጋሼ?»

«ሣር እየጋጠ ማን ይሸሻል!»

እውነታቸውን ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ጎፈሩ ትከሻው ላይ የተዘናፈለ ወንድ ጭላዳ ሁለት ሜትር በማትሞላ ርቀት ላይ ቁጭ አለና ሣሩን በጣቶቹ እየነጨ ወደ አፉ ይልክ ጀመር። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ወለል ብሎ ይታያል። ሌንሴ ፎከስ ፍለጋ ወዲያና ወዲህ ተንቋረረ፣ ተንቋረረና ተወው። ለካስ ከ2.8 ሜትር በታች የቀረበ ነገር አይዝም፤ መግለጫው ላይ ተጽፎ ሳለ ሳላነበው ነው ተራራ የወጣሁት። የዚያን ቀን ምርጡን ፎቶ ያነሳሁት በስልኬ ነው። የሌንሱን ኪራይ ግን ሙሉውን ከፈልኩ።

ከዚያ ወዲህ «ለዱር እንስሳ ስንት ሚሊ ሜትር ሌንስ ልግዛ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ። የምታነሳው ነገር ስንት ሜትር ላይ ነው የሚቆመው? በእግርህ ልትጠጋው ትችላለህ ወይስ አትችልም? ጭላዳ ከሆነ ትችላለህ፤ እንዲያውም እሱ ይጠጋሃል። ጨነቅ ላይ ቁልቁል ገደሉ ወገብ ላይ የቆመን ዋልያ ግን ክንፍ ከሌለህ በቀር አትጠጋውም። ሁለቱም የሰሜን ተራሮች እንስሳት ናቸው፣ በአንድ ቀን ሁለቱንም ማየት ይቻላል፣ የሚፈልጉት ሌንስ ግን አይገናኝም።

ሚሊ ሜትሩ የሌንሱ ቁመት አይደለም። ከሩቅ የመጣ ብርሃን ሌንሱ ውስጥ ገብቶ አንድ ነጥብ ላይ እስኪሰበሰብ የሚፈልገው ርቀት ነው። ሌንሱ አንድ ተራ ብርጭቆ ብቻ ቢሆን ኖሮ 600 ሚሊ ሜትር ማለት ከሴንሰሩ 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ የተሰቀለ መስታወት ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1891 እንግሊዛዊው ቶማስ ዳልማየርና ጀርመናዊው አዶልፍ ሚተ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ መላ ዘየዱለት። ከፊት ብርሃን የሚሰበስብ፣ ከኋላ ደግሞ መልሶ በጥቂቱ የሚበትን ብርጭቆ ደረደሩና ቱቦውን አሳጠሩት። በጥብቅ አነጋገር «ቴሌፎቶ» ይህ አሠራር ብቻ ነው፤ እኛ ግን ረዘም ያለውን ሁሉ ቴሌ እንለዋለን፣ ምንም አይደል።

ለገዢው የሚጠቅመው ሒሳብ ቀላል ነው። የፉል ፍሬም ካሜራ ሴንሰር ወርዱ 36 ሚሊ ሜትር ነው። እንስሳው ያለበትን ርቀት በ36 አባዝተን ለሌንሱ ሚሊ ሜትር ብናካፍል ፎቶው ውስጥ የሚገባው ቦታ ስፋት በሜትር ይወጣል። የባሌዋን ቀይ ቀበሮ እንውሰድ። ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ሥር አንድ ሜትር ቢሆን ነው። ሳኔቲ አምባ ላይ፣ ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ አድፍጣ፣ ከመንገዱ 60 ሜትር ርቃ አየናት እንበል። በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ 10.8 ሜትር ስፋት ያለው ሜዳ ይገባል፤ ቀበሮዋ አንድ አሥረኛውን ትይዛለች፣ ማለትም «እዚች ጋ ያለችው ቀይ ነገር» እያልን በጣት የምናሳያት ፎቶ ነው። በ400 ስፋቱ 5.4 ሜትር ይሆናል። በ600 ደግሞ 3.6 ሜትር፤ አሁን ጆሮዋ ወደ መሬት ማዘንበሉ፣ የፊት እግሯ መነሳቱ ይታያል።

ካሜራው ፉል ፍሬም ካልሆነ፣ ማለትም ብዙዎቻችን የጀመርንበት አነስተኛው ሴንሰር ከሆነ፣ ነገሩ ወደ እኛ ያዳላል። የኒከንና የሶኒው 1.5፣ የካነኑ 1.6 ጊዜ የሚያጠብብ ነውና 400ው እንደ 600 ወይም እንደ 640 ሆኖ ያያል። ለዱር እንስሳ ሲባል ይህን ሴንሰር ሸጦ ፉል ፍሬም ለመግዛት የሚቸኩል ሰው ሳይ ይገርመኛል። እጁ ላይ የነበረውን ርቀት ሸጦ፣ ያንኑ ርቀት በሌንስ መልክ በውድ ሊገዛው ነውና።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው 600 አይገዛም? ብርሃንና ክብደት።

ሌንስ ላይ ኤፍ 2.8፣ ኤፍ 4፣ ኤፍ 6.3 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ሲያንስ ብርሃን የሚገባበት በር ይሰፋል። ቁጥሩ ሚሊ ሜትሩ ለበሩ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነውና 600 ሚሊ ሜትር ሆኖ ኤፍ 4 የሚከፈት ሌንስ ቢያንስ 150 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ የፊት መስታወት ያስፈልገዋል፤ አንድ ሳህን የሚያህል ብርጭቆ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የካነን 600 ኤፍ 4 ወደ 6 ኪሎ ይመዝን ነበር። በ2018 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ 3 ኪሎ ከ50 ግራም ሆኗል። ግማሽ ክብደት በ30 ዓመት፤ ዋጋው ግን ለአብዛኛው ሰው ዛሬም የመኪና እንጂ የካሜራ ዋጋ አይደለም።

ለዚህ ነው የሲግማና የታምሮን ከ150 እስከ 600 የሚሄዱ ዙሞች ዓለምን ያዳረሱት። ታምሮን የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ አስተዋወቀ፤ ሲግማ በዓመቱ ሁለት አደረገው፣ አንዱ ከ2 ኪሎ ትንሽ የሚያንስ፣ ሌላው ጠንከር ያለና ወደ 3 ኪሎ የሚጠጋ። ሁሉም ጫፋቸው ላይ ኤፍ 6.3 ናቸው። ኒከን ደግሞ በ2015 ከ200 እስከ 500 የሚሄድ፣ እስከ ጫፉ ኤፍ 5.6 የሚከፈት አወጣ። በእኔ ግምት ለአማተር የዱር እንስሳ አንሺ ከእነዚህ ውጭ ማየት ገንዘብ ማባከን ነው።

ኤፍ 6.3 የሚያስከፍለው ጠዋትና ማታ ነው። ኤፍ 2.8 ሆኖ አይኤስኦ 800 የሚበቃበት ብርሃን፣ በኤፍ 5.6 አራት እጥፍ፣ 3200 ይጠይቃል። እንስሳ ደግሞ የሚንቀሳቀሰው ልክ በዚያው ሰዓት ነው። ቀትር ላይ ብርሃን ሞልቶ ተርፏል፣ ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። አብያታ ዳር ቆሞ ሐይቁ መሐል ያሉትን ፍላሚንጎዎች ከግማሽ ኪሎ ሜትር ያነሳ ሰው ያውቀዋል። ከጋለው መሬት የሚነሳው አየር እንደ ምጣድ ላይ ትኩሳት ይንቀለቀልና የወፎቹ እግር ይንቀጠቀጣል፣ አንገታቸው ይቀልጣል። ይህን የትኛውም ሌንስ አያድነውም። ሰው ሌንሴ ተበላሸ ብሎ ጠጋኝ ቤት ሲሄድ አይቻለሁ፤ የተበላሸው አየሩ ነበር።

የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋው መሣሪያ፣ ከካሜራው በሚፈታ ሌንስ ላይ ካነን እ.ኤ.አ. በ1995 በ75-300ው የጀመረው፣ ዛሬ በአብዛኞቹ ረጅም ሌንሶች ላይ አለ። ብዙ ሰው የማይለየው አንድ ነገር አለ፤ የሚያረጋጋው የእኛን እጅ እንጂ የወፏን ክንፍ አይደለም። የቆመ ዋልያ በሰከንድ መቶኛ ቢነሳም ጥርት ሊል ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ከልኳንዳ ቤት ደጃፍ ሥጋ ነጥቆ የሚነሳ ጭልፊት ግን በሰከንድ ሁለት ሺሕኛ ካልሆነ ክንፉ ጭስ ነው።

ሰውን ወደ ማንሳት ስንመጣ ጉዳዩ ይገለበጣል። እዚህ ሰውዬው የትም አይሄድም፣ ርቀቱን የምንመርጠው እኛ ነን።

አንድ ጊዜ አክስቴን በሐበሻ ቀሚስ፣ ግቢዋ ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር አስቀምጬ አነሳኋት። መጀመሪያ በ35 ሚሊ ሜትር። ከደረት በላይ ፍሬሙን እንድትሞላ ለማድረግ አንድ ሜትር እስኪቀረን ተጠጋሁ። ከዚያ ርቀት አፍንጫ ከጆሮ ይልቅ ለካሜራው በጣም ቅርብ ነውና ይተልቃል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። አክስቴ ፎቶውን አይታ «ምነው ልጄ፣ ይሄ የማን አፍንጫ ነው?» አለችኝ። በ85 ሚሊ ሜትር ሁለት ሜትር ያህል ራቅኩ። ፊቷ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሰዎች ይህን የሌንሱ ሥራ ያደርጉታል፤ የርቀቱ ሥራ ነው። ረጅሙ ሌንስ የሚያደርገው ርቀን ቆመን ፍሬሙን እንድንሞላ መፍቀድ ብቻ ነው።

ከዚያ 70-200ውን አውጥቼ እስከ 200 ዘረጋሁት። ያንኑ ፍሬም ለማግኘት አምስት ሜትር ያህል እስክንራራቅ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከኋላዋ ያለው የቆርቆሮ አጥር ቀልጦ ግራጫ ጥላ ሆነ፣ ቅጠሎቹ መሐል የሾለከው ፀሐይ ክብ ክብ ጠብታ ሠራ። ያማረ ነበር። ነገር ግን ከአምስት ሜትር ላይ ሆኜ «እትዬ፣ ትንሽ ቀና በይ!» ብዬ መጮኽ ጀመርኩ፣ እሷም እንደ መታወቂያ ፎቶ ድርቅ አለች። በ85ቱ ስናወራ የነበረው ወሬ ተቋረጠ። ግድግዳዋ ላይ የሰቀለችው የ85ቱን ነው።

ሌላም አለ። በ200 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ 2.8፣ ከአምስት ሜትር ላይ ጥርት የሚለው ውፍረት በግምት 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ዓይኗ ጥርት ቢል ጆሮዋ ይደበዝዛል። ብዥታ ወዳዶች ነን፤ ሰርግ አንሺዎቻችን በተለይ። እኔ ግን ሙሽሪት ቆማ የኋላው ዓለም ሁሉ ቅቤ ሲሆን፣ ሰርጉ የት እንደተሠራ ከአሥር ዓመት በኋላ ማን ያስታውሳል እላለሁ።

70-200ው ወርቅ የሚሆነው ጥምቀት ላይ ነው። ጃን ሜዳ፣ ጥር 11። ታቦቱ ሲመለስ በሕዝቡ መሐል መንቀሳቀስ አይታሰብም፣ ሊጠጉም አይገባም። ከሩቅ፣ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ሲነሳ ጥንግ ድርቡ፣ ባለ ዘርፉ ጃንጥላ፣ ነጠላው አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ አንድ ግድግዳ ይሆናል። ከቅርብ ሲታይ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከሩቅ ሲታይ ይጠፋልና። ነጭ ልብስ በደጋ ፀሐይ ሲነሳ ደግሞ ጥልፉ እንዳይጠፋ መጋለጡን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነው።

ብዙዎቻችን የምንገዛው ያገለገለ ሌንስ ነው፤ ስለዚህ ሻጩ ፊት አታፍሩ። ክዳኑን ከሁለቱም ወገን ክፈቱ፣ የስልካችሁን መብራት በአንዱ በኩል አስገብታችሁ በሌላው ተመልከቱ። ጥቂት አቧራ ምንም አያደርግም። የሸረሪት ድር የመሰለ ቅርንጫፍ ያለው ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፣ ክረምቱን እርጥብ ቁም ሣጥን ውስጥ ያሳለፈ ሌንስ በሽታ፤ ዋጋው ቢወርድም ተዉት። ከዚያ ካሜራችሁ ላይ አስገቡና በሩን እስከ ጥጉ ከፍታችሁ፣ ዙሙን እስከ ጫፉ ዘርግታችሁ፣ ከመንገድ ማዶ ያለ የሱቅ ማስታወቂያ አንሱ። ፊደሎቹ ዳር ላይ በአንድ ወገን ብቻ ከደበዘዙ ሌንሱ አንድ ቀን ወድቆ ሊሆን ይችላል፣ ሻጩ ባይነግራችሁም።

በሁለተኛው ጉዞዬ ሳኔቲን ስወጣ ጭላዳው ያስተማረኝን ይዤ ነበር። ሁለት ሌንስ፦ ያው 150-600ና ትንሹ 85። ትራይፖድ አልያዝኩም። ከጎባ ገበያ ሦስት ኪሎ ሽምብራ ገዝተን በጨርቅ ከረጢት አሰፋንና ከረጢቱን የመኪናው መስኮት ላይ አስቀመጥነው፣ ሌንሱን በላዩ አስተኛነው። ቀበሮ ከሰው ይልቅ መኪናን ትታገሣለች። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ፤ ሞተር እየሠራ ከሆነ 600 ሚሊ ሜትር ላይ ዓለም ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ቀበሮዋ ሦስት ጊዜ ዘለለች፣ ሦስተኛው ላይ ፍልፈሉን አፏ ውስጥ አየሁት። ከአሥራ ስምንት ፎቶ አራቱ ተያዙ። ስንወርድ ማታ ጎባ ላይ ከረጢቱ ተፈታና ሽምብራው ተቆላ፤ ሾፌሩ እየቆረጠመ «በሚቀጥለው ባቄላ ይሁን፣ ይሄ ጥርስ ይሰብራል» አለኝ።