ጥበብና ሳይንስ በሕዝብ ቴሌቪዥን

ከሐሙሲት ከዋናው ጎዳና ገባ ብላ በምትገኘው በአንበሳሜ፣ እንደ ሌሎቹ የደራና የፎገራ ከተሞች ሁሉ፣ በጣራው ላይ ዲሽ ያልተተከለበት ሻይ ቤት ማግኘት እየቸገረ ሄዷል፤ ሰውም ከእርሻው ወይም ከገበያው ተመልሶ ማታ አረፍ ሲል የአገሩን ወሬና የኳሱን ውጤት ከዚያ መስኮት ይጠብቃል። ነገር ግን በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ቴሌቪዥን ለዚህ ተመልካች ዜናና ኳስ ካቀረበለት በኋላም ገና ያልከፈለው ዕዳ አለበት፤ ይኸውም ሊቃውንቱ መርምረው የደረሱበትንና ጠቢባኑ በእጃቸውና በድምፃቸው የሚሠሩትን፣ ተመልካቹ በሚገባው ልሳን፣ ነገሩ የሚጠይቀውን ያህል ጊዜ ሰጥቶ ማስረዳት ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በዘውድ በዓል ዕለት፣ ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሥርጭቱን ሲጀምር፣ በዚያው በፈረንጆቹ 1964 ዓመት በብሪታንያ ቢቢሲ «ሆራይዘን» የተባለውን የሳይንስ ዝግጅት ጀምሮ ነበር። ያው ድርጅት በ1969 ኬኔት ክላርክ ስለ ምዕራባውያን ሥነ ጥበብ፣ በ1973 ደግሞ ጃኮብ ብሮኖውስኪ ስለ ሳይንስ ታሪክ፣ እያንዳንዳቸው በ13 ክፍል እንዲናገሩ ጊዜውን ለቀቀላቸው። የእነዚያ ዝግጅቶች ኃይል ከሀብት ብቻ የመጣ አልነበረም፤ አንድ አዋቂ ሰው በሥዕሉ ወይም በመሣሪያው ፊት ቆሞ፣ ማንም ሳያቋርጠው፣ የሚያውቀውን እስከ መጨረሻው በመናገሩ ነው። ይህን ለማድረግ ደግሞ ከብልጽግና ይልቅ ትዕግሥት ይበልጥ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

እኛም አገር ትዕግሥት የጎደለው ዕውቀት ምን እንደሚሆን አይተናል። በ1997 ዓ.ም. ግድም በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተተከለው «ፕላዝማ» ሒሳቡን፣ ፊዚክሱን፣ ኬሚስትሪውንና ባዮሎጂውን በሳተላይት እያመጣ፣ ቤተ ሙከራ አይቶ ለማያውቅ ልጅ ሙከራ ሲሠራ በዐይኑ እንዲያይ ማስቻሉ ታላቅ በጎ ሐሳብ ነበረ። ሆኖም ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለ ነበርና ስለሚፈጥንም፣ ብዙው ተማሪ ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ መጥቶ ያልፍ ነበር፤ በክፍሉ ውስጥ የቆመው መምህርም ሊያቆመው ሥልጣን አልነበረውም።

ከዚህ የሚከፋው ግን ዕውቀቱን ትቶ የዕውቀቱን ምረቃ ማሳየት ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና ምድር ስታመጥቅ በእንጦጦው የጠፈር ምርምር ማዕከል የነበረው ደስታ የተገባ ነበረ፤ ሪባን ሲቆረጥና ጭብጨባ ሲሰማ መቅረጽም አይነቀፍም። ነገር ግን እንዲህ ያለው መሣሪያ ከዚያ ከፍታ ምን እንደሚያይና እንዴት እንደሚያይ ሳይነገረው የቀረ ተመልካች ከበዓሉ እንጂ ከሳይንሱ አልተካፈለም። በጣና ዳር እምቦጭ የተባለውን አረም በእጁ ሲነቅል ለሚውለው የፎገራ ገበሬ፣ ለምለም ቅጠል ከቀይ ብርሃን ቀጥሎ ያለውን፣ ዐይናችን የማያየውን ጨረር አብዝቶ እንደሚመልሰው፣ ውኃ ግን ያንኑ ጨረር እንደሚውጠው፣ ስለዚህም በሳተላይት ምስል ላይ ሐይቁ ጠቁሮ እምቦጩ ደምቆ እንደሚለይ በሥዕል ቢያስረዱት፣ መንክር የሆነው ነገር ሁሉ የእርሱም ጉዳይ ይሆን ነበር።

ከአንበሳሜ ብዙ ሳይርቅ፣ በወረታ፣ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። ርብና ጉማራ በክረምት እየሞሉ በሚያጥለቀልቁት በዚያ ሜዳ ላይ ሩዝ የቅርብ ዘመን እንግዳ ሲሆን፣ ዛሬ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ እስኪሆን ድረስ ቤተኛ ሆኗል። ለማስረዳት ከሚገባው አንዱን ልጥቀስ፤ ሩዝ ሊያሸት ሲል ሌሊቱ አብዝቶ ከቀዘቀዘ በአበባው ውስጥ ያለው የወንዴው ብናኝ ይመክናል፤ ዛላው ከሩቅ ሲያዩት ደኅና መስሎ ይቆማል፣ በጣት ሲጨምቁት ግን ፍሬ የለበትም። የማዕከሉ ተመራማሪ ራሱ ሁለት ዛላ በእጁ ይዞ፣ አንዱን ሙሉውን አንዱን ባዶውን እየፈለፈለ፣ አበባውን በማጉያ መነጽር ሥር አድርጎ ቢያሳይ፣ ማንም ጋዜጠኛ በእርሱ ፈንታ ሊናገርለት አያስፈልግም።

ስለ ኪነ ጥበቡም የምለው ይኸው ነው። በደቡብ ጎንደር ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ጉባኤ እንደ ሆኑ ሊቃውንቱ ሁሉ ይመሰክራሉ፤ ቴሌቪዥናችን ግን ዜማውን የሚያስበን አብዛኛውን ጊዜ በጥምቀትና በመስቀል ነው፤ ያን ጊዜም ጸናጽሉና መቋሚያው ከሩቅ እየታየ፣ ተራኪው በማኅሌቱ ላይ ይናገርበታል። ካሜራው ወደ ብራናው ቀርቦ፣ ከቃሉ ራስ ላይ የተጻፉትን ጥቃቅን ምልክቶች፣ ድምፁን የሚይዘውን ይዘት፣ ወደ ታች የሚያወርደውን ድፋት፣ የሚያንቀጠቅጠውን ርክርክ፣ የመሪጌታውን ጣት እየተከተለ ቢያሳይና ደቀ መዝሙሩ ሲቀበል ቢያሰማ፣ ግዕዝን ከዕዝል፣ ዕዝልን ከአራራይ ለይቶ የማያውቅ ምእመን እንኳ በጆሮው መለየት ይጀምራል። ይህ ሥራ ይደር የሚባል አይደለም፤ ብዙው ትምህርት በአረጋውያን መምህራን ቃል ያለ ስለሆነ፣ ሳይቀረጽ ያለፈው ተመልሶ አይገኝም።

ቢቢሲ በፈረንጆቹ 2006 «ፕላኔት ኧርዝ» በተባለው ዝግጅቱ የስሜንን ጭላዳ ከባሕር ማዶ መጥቶ ቀርጾ ለዓለም አሳይቷል፤ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ግን መቀመጫው ባሕር ዳር ስለሆነ፣ ወረታ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት ብዙ የማይበልጥ መንገድ ነው ያለበት። ስለዚህ የምጠይቀው ለመጀመር ያህል አንድ ካሜራ፣ አንድ አዋቂ፣ በሳምንትም አንድ ቋሚ ሰዓት ነው፤ ሰዓቱም እንቅልፍ ከወሰደን በኋላ ሳይሆን፣ ቤተሰቡ በሙሉ ተሰብስቦ የሁለት ሰዓቱን ዜና ሰምቶ እንዳበቃ ይሁን።