ያውቁ ኖሯል? አምቡላንስ እስኪደርስ ሕይወት ማዳን ይቻላል

በኦሃዮዋ ግሮቭፖርትና አካባቢዋ ለምትኖሩ፣ በመጋዘኖቿም ፈረቃ ለምትገቡ ወገኖቻችን፦

◆ አገር ቤት የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ እዚህ 911 ነው። መጀመሪያ አድራሻዎን ይናገሩ። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎ «አምሃሪክ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ስልኩን አይዝጉ።

◆ የኦሃዮ ሕግ በአደጋ ቦታ ያለ ክፍያ የሚረዳን ሰው፣ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ግዴለሽነት ካልጎዳ በቀር፣ ከካሳ ክስ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ለመርዳት አይፍሩ።

◆ ትን ያለውን ሰው ከኋላ አቅፎ ከእምብርቱ በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መግፋትን በ1974 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት የሲንሲናቲ፣ ኦሃዮ፣ ሐኪም ሄንሪ ሄምሊክ ናቸው። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ሆዱን አይጫኑ፤ በክንድዎ ላይ በደረቱ አስተኝተው ጀርባውን 5 ጊዜ ይምቱ፣ ከዚያ አገላብጠው ደረቱን 5 ጊዜ ይጫኑ፤ ይደጋግሙት።

◆ የጀበና ቡና ወይም የፈላ ውሃ ሲያቃጥል የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ ወይም ቅቤ አይቀቡ። ሳያብጥ ቀለበት ያውልቁ፤ ቁስሉን በሚወርድ የቧንቧ ውሃ 20 ደቂቃ ያቀዝቅዙ።

◆ የሚጥል በሽታ ለጣለው ሰው ክብሪት ማሽተት አይጠቅምም። አፉ ውስጥ ምንም አይክተቱ፤ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉ፤ በጎኑ ያስተኙት። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ 911 ይደውሉ።

◆ ራሱን ስቶ የማይተነፍስ ትልቅ ሰው ካጋጠመዎ 911 ደውለው የደረቱን መሃል በሁለት እጅ፣ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫኑ። እርዳታ እስኪደርስ አያቋርጡ።