የ14 ቀን ጥያቄ፦ የወንጀል ፍትሕ ትምህርት ከየት ይጀምራል?



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ አጭር ድንጋጌ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 59 መሠረት፣ ፖሊስ ምርመራውን ያልጨረሰ እንደሆነ የተያዘውን ሰው በጥበቃ ሥር እንደያዘ ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጠው ፍርድ ቤቱን ሊጠይቅ ይችላል። በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው ቀጠሮ ከ14 ቀን ሊበልጥ አይችልም። በችሎት ቋንቋ «የጊዜ ቀጠሮ» የምንለው ይህንኑ ነው። ቀጠሮው ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን ድንጋጌው አይናገርም። የወንጀል ፍትሕን የሚያጠና ተማሪ ከዚህ ዝምታ ቢጀምር ይሻላል የሚለው አቋሜ ነው፤ ምክንያቴን ላስረዳ።

እኔ የተማርኩት በሌላ መንገድ ነበር። ስዊሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁትን የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና እርሱን የተካውን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አጠናን፤ ወንጀል ተፈጸመ የሚባለው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮቹ አንድ ላይ ሲሟሉ መሆኑን ከአንቀጽ 23 በቃላችን ያዝን። ከዚያም ከአንቀጽ 539 እስከ 541 ያሉትን የአገዳደል ደረጃዎች ስንለይና ስናከራክር ወራት አለፉ። ትምህርቱ መልካም ነበር፤ ዛሬም አስተምረዋለሁ። ነገር ግን የፈተና ጥያቄዎቻችን ሁሉ አንድ ጠባይ ነበራቸው። «ሀ ለን በቂም በቀል ገደለው» ብለው ይጀምራሉ። ማን ምን እንዳደረገ፣ በልቡ ምን እንደነበረ ሳይቀር አስቀድሞ ታውቋል። በእውነተኛው ሕይወት የተጠርጣሪው ዕጣ የሚያዘነብለው ግን ምንም ባልታወቀበት በዚያ የመጀመሪያ ሰሞን ነው።

ይህን የተረዳሁት ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ነው። አንድ ማለዳ ወደ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሄጄ ከኋላ ወንበር ተቀመጥሁ። ክርክር አያለሁ ብዬ ነበር፤ መዝገቦቹ በየጥቂት ደቂቃው ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። በአንዱ መዝገብ መርማሪው «የምስክሮች ቃል መቀበል ይቀረናል፤ 14 ቀን ይፈቀድልን» አለ። ባለፈው ቀጠሮም ያመለከተው ይህንኑ እንደነበር ዳኛው ከመዝገቡ አነበቡ። ተጠርጣሪው ጠበቃ አልነበረውም። የሚለው እንዳለ ሲጠየቅ፣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክሮቹ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ቤታቸው ከጣቢያው አይርቅም» አለ። ዳኛው ቀና ብለው መርማሪውን ተመለከቱ። 7 ቀን ሰጡ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ትክክለኛውን የሕግ ጥያቄ ያነሣው ሕግ ያልተማረው ሰው ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ተገቢ ጊዜ ሳይቆጠር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለምርመራ የሚሰጠው ጊዜም በጥብቅ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ እንዲሆን ይጠይቃል። ሁለቱ ሕጎች አብረው ሲነበቡ 14 ቀን የፖሊስ ድርሻ ሳይሆን የመጨረሻው ጣሪያ ነው። መለኪያው የቀረው ሥራ ነው፤ ያውም ሰውየው ታስሮ ካልቆየ ሊሠራ የማይችለው ሥራ። አንድ እንግዳ ነገር ልጨምር፦ ብዙ የተወቀሰውና በ2012 ዓ.ም. የተሻረው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001፣ እያንዳንዱ ቀጠሮ ከ28 ቀን እንዳያንስ ቢያዝም ጠቅላላው ጊዜ ግን ከአራት ወር እንዳያልፍ ገድቦ ነበር። መደበኛው ሕግ እንዲህ ያለ አጠቃላይ ገደብ የለውም።

ነባሩ ሥርዓታችን ይህን ጥያቄ በራሱ መንገድ ያውቀው ነበር። ቁራኛን አስታውሱ፦ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቆሙ በአንድነት ይታሰሩ ነበር። ዛሬ «በፖሊስ ቁራኛ» ስንል ጠባቂ ያለበትን ሰው ማለታችን ነው፤ ቃሉ ሲተርፍ የከሳሹ እግር ከሰንሰለቱ ወጥቷል። በአውጫጭኝም ወንጀለኛው እስኪገለጥ የአገሩ ሰው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ይቆይ ነበር፤ ሥራው የሚፈታው የሁሉም ነው። እነዚህን ሥርዓቶች መልሱ አልልም፤ ንጹሐንን ይጎዱ ነበርና። ሆኖም እውነቱ እስኪገኝ የሚያልፈውን ጊዜ ዋጋ የሚከፍለው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም። በዛሬው ሥርዓት ምርመራው ሲዘገይ መርማሪውም ዐቃቤ ሕጉም ዳኛውም ማታ ወደየቤታቸው ይገባሉ።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ፖሊስ መኪና የለውም፣ የምርመራ ውጤት ከሩቅ ይጠብቃል፣ ምን ያድርግ?» ይሉኛል። እውነት ነው፤ የሐኪም ወይም የአስከሬን ምርመራ ውጤት የሚጠበቅበት መዝገብ አለ። ግን ውጤቱ በፖስታ እስኪመጣ ተጠርጣሪው ለምን ታስሮ መጠበቅ አለበት? ምስክር ያባብላል ተብሎ ከሆነ ያ ሌላ ምክንያት ነውና በስሙ ተጠርቶ ይቅረብ። ማስረጃም ይጠየቅበት፤ ዋስትናም ከነገደቡ ይታሰብ። እኔን የሚያሳስበኝ የአቅም ማነሱ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ምክንያቶች «ምርመራው አልተጠናቀቀም» በምትል አንዲት ሐረግ ተሸፍነው ማለፋቸው ነው።

ስለዚህ ከዚህ መንፈቅ ዓመት ጀምሮ ለተማሪዎቼ የምሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ድርሰት አይደለም። ለሦስት ማለዳ የጊዜ ቀጠሮ ችሎት ትቀመጣላችሁ። የማንንም ስም አትጽፉም። በእያንዳንዱ መዝገብ ፖሊስ ባለፈው ቀጠሮ ምን እሠራለሁ እንዳለ፣ ምን እንደሠራ፣ አሁን ምን እንደጠየቀ፣ ተጠርጣሪው ምን እንደመለሰና ዳኛው ስንት ቀን እንደፈቀዱ ትመዘግባላችሁ። ጠበቃ መኖር አለመኖሩንም አትርሱ። አንቀጽ 539ን ማንበብ የምንጀምረው ማስታወሻዎቻችሁን ይዛችሁ ስትመለሱ ነው።