ጆሮና ዓይን በመጽሐፍ ፊት

በተማሪዎች ማደሪያም ሆነ በመሥሪያ ቤት የሻይ ሰዓት የመጻሕፍት ጨዋታ በተነሣ ቁጥር አንድ ክርክር አይጠፋም። አንዱ «ፍቅር እስከ መቃብርን ታውቀዋለህን?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው «እንዴታ! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምቼዋለሁ» ሲል ይመልሳል። ሦስተኛው ደግሞ ከት ብሎ ይሥቅና «መስማትማ ማንበብ አይደለም» ይለዋል። ነገሩ በሣቅ ይታለፋል እንጂ ፍርድ አያገኝም። እኛ ግን ጥያቄው ከሻዩ ጋራ ተጠጥቶ የሚቀር መስሎ አልታየንም። ታሪክን በጆሮው የተቀበለ ሰው መጽሐፉን አወቀው ይባላልን? ወይስ መጽሐፍን የሚያውቅ ገጹን በዓይኑ የገለጠ ብቻ ነው?

ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ራሱን ቃሉን እንመርምረው። በግዕዝ «ነበበ» ማለት ተናገረ ማለት ነው። «አንበበ» የሚለውም ከዚሁ የወጣ ሲሆን፣ እኛ በአማርኛ «አነበበ» የምንለው እርሱኑ ነው። እንግዲህ በቃሉ ሥር ብንሄድ፣ ማንበብ ማለት በብራና ላይ ጸጥ ብሎ የተኛውን ፊደል ማናገር ነው።

የትምህርቱም ሥርዓት ከቃሉ ጋራ የተስማማ ነው። በንባብ ቤት ያለ ሕፃን ፊደል ከቆጠረ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን ይይዛል፤ በግዕዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ ከዚያም ወንጌልን አልፎ ወደ 150ው የዳዊት መዝሙር ይደርሳል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። የኔታም መጽሐፉን ባያዩት እንኳ አንዲት ቃል በተሰበረች ጊዜ በጆሯቸው ይዘው ያቀኗታል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አይጽፍም። «ገና» ተብሎ የተጻፈው በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ጊዜ፣ «አለ» የተባለው መኖር ይሁን መናገር፣ ከወረቀቱ ላይ አይታይም፤ የሚለየው ድምፅ ነው። ስለዚህ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ የሚያነብ ሰው እንኳ በውስጡ አንድ የሚናገር ድምፅ ሳያስነሣ አንድ መስመር መሻገር አይችልም።

በሌላው ዓለምም ነገሩ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። ቅዱስ አውግስጢኖስ ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ፣ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሚላኖ ከተማ ያየውን ያወሳል። ጳጳሱ አምብሮስዮስ ሲያነብ ዓይኑ በገጹ ላይ ይሄድ ነበር እንጂ ድምፁ አይሰማም ነበር ይላል። ዛሬ በማናቸውም ቤተ መጻሕፍት የምናየው ይህ ጸጥታ፣ በዚያን ዘመን ተጽፎ ለትውልድ እንዲተላለፍ የሚያበቃ ነገር ነበር ማለት ነው።

በእሳት ዳር የሚነገረውን ተረት ደግሞ እናስብ። ተራቹ «ተረት ተረት» ሲል «የመሠረት» የሚል መላሽ ከሌለው ታሪኩ አይጀመርም። ሲያበቃም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ዕዳ ጥሎ ይሄዳል። ሰሚው ተቀባይ ብቻ ሳይሆን መላሽም ነው። በጆሮ የመጣ ታሪክ ያለ ድካም የመጣ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን የዘነጉ ይመስለናል።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት መጽሐፍ እንመለስ። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ከ500 ገጽ የሚበልጥ መጽሐፍ ነው። ይህንን መጽሐፍ አርቲስት ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው ጊዜ፣ በዛብህና ሰብለ ወንጌል፣ ፊታውራሪ መሸሻና ጉዱ ካሣ ፊደል ወዳልቆጠረውም ሰው ቤት ገቡ። ተራኪው ካረፈ ብዙ ዓመት ቢያልፍም ትረካው ዛሬ በብዙ ወጣቶች ስልክ ውስጥ ይገኛል። ይህን የመሰለውን ውለታ «መስማትማ ማንበብ አይደለም» ብሎ መናቅ ከቶ አይገባም። ፊደሉን ማናገር ማንበብ ከሆነ፣ ወጋየሁ ፊደሉን ያናገረ ታላቅ አንባቢ ነበር።

ይሁን እንጂ የነገሩ ሌላ ወገን አለ። የተዋስነው ድምፅ ከነፍርዱ ይመጣል። ጉዱ ካሣ የሚያሾፍበትን፣ የሚመርበትንና የሚያዝንበትን ቦታ ተራኪው አስቀድሞ መርጦልናል። ምርጫው ያማረ ስለ ሆነ ሌላ ምርጫ መኖሩን እንኳ አናስብም። ደግሞም ድምፅ መንገደኛ ነው፤ አይቆምም። ጉዱ ካሣ ስለ ሥርዓትና ስለ ልማድ በሚናገርበት ቦታ ሰሚው «ቆይ፣ ይህ እውነት ነውን?» ብሎ ልቡን መጠየቅ ሲጀምር፣ ትረካው ጥሎት ወደሚቀጥለው ነገር ይሄዳል። ስልኩን አቁሞ መመለስ ይቻላል የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን በታክሲ ተጋፍቶ የሚሰማ ስንት ጊዜ ያቆመዋል? ገጹ ግን ይጠብቃል። ጣትን በመስመሩ ላይ አኑሮ፣ ቀና ብሎ መስኮት መስኮቱን አይቶ፣ ከደራሲው ጋራ ተሟግቶ መመለስ የሚቻለው በመጽሐፍ ነው።

ይህ መቆም በተለይ ለወጣት ሹም ያስፈልገዋል እንላለን። የቢሮ ሰው ቀኑን ሙሉ ያነባል፤ የሚያነበው ግን ፋይል ነው። በፋይሉ ውስጥ ያለው ሰው ስሙ «አመልካች» ነው፤ ጉዳዩም በሦስት መስመር ያልቃል። ልብ ወለዱ ግን ባላገሮች በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ሲያምፁ የአመፀውንም የታመፀበትንም ከውስጥ ያሳየናል። አንዱን ስንጠላ የቆየን ሰዎች ጥቂት ገጽ አልፈን እናዝንለታለን። በዚህ ቦታ ላይ ቆሞ ያሰበ ሰው፣ በማግሥቱ ጠዋት በሩ ላይ ቆብ አውልቆ የሚጠብቀውን ሽማግሌ «አመልካች» ብቻ አድርጎ ለማየት ይቸገራል። መጽሐፍ ለአንባቢው ምኑ ነው ቢሉን፣ አንዱ መልሳችን ይኸው ነው።

ሌላም ልዩነት አለ፤ ድምፅን ማስቆም ይቻላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1865 ዓ.ም. በኩባ በሃቫና ከተማ የሲጋራ ሠራተኞች ከደመወዛቸው እያዋጡ፣ እጃቸው ትንባሆ ሲጠቀልል የሚያነብላቸው ሰው አቆሙ። በዓመቱ ግን የቅኝ ገዢው መንግሥት ንባቡን ከለከለ። ልማዱ በኋላ ቢመለስም፣ በዚያን ጊዜ ለብዙ ጆሮ ይናገር የነበረው ድምፅ በአንድ ትእዛዝ ዝም ብሏል። በእኛም አገር በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በወጣ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በዚያን ጊዜ በሬዲዮ የሚተርክ ሊገኝ አይችልም ነበር። አስቀድሞ የተሸጠው ቅጂ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በጸጥታ ተነበበ። ድምፅ ፈቃድና ማሠራጫ ይሻል፤ ጸጥ ያለው ንባብ የሚሻው አንድ ቅጂና አንድ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ የሻይ ሰዓቱን ክርክር እንደሚከተለው ብንፈርደው አድልዎ አይሆንብንም። የሰማ ሰው በመጽሐፉ ደጅ አልቆመም፤ ገብቷል። ነገር ግን የገባው ሌላው በከፈተለት በር፣ ሌላው በያዘለት መብራት ነው። አሁን ደግሞ ብቻውን ይግባ። ትረካውን የወደደ ወጣት አንዱን ምዕራፍ በገጹ ላይ ያንብበው፤ መጀመሪያ የሚሰማው የወጋየሁ ድምፅ ይሆናል፤ በገጾቹ መካከል ግን የራሱ ድምፅ ቀስ እያለ ይነሣል። ያነበበውም ወጣት በጸጥታው ብቻ አይኩራ። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ያገኛት ሊያስተምራት ገብቶ መሆኑን ያስታውስ፤ እርሱም ማታ ማታ ለእናቱ ወይም ለታናናሾቹ አንድ ምዕራፍ ያንብብላቸው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን የተወረሰ መሬትም ካልታረሰ ዳዋ ይለብሳል። የሐዲስና የበዓሉ መጻሕፍት ወርሰናቸዋል። በየመደርደሪያው ዝም ብለው የተኙትን ፊደሎች የሚያናግር ግን ከእኛ ከራሳችን መካከል መገኘት አለበት።