ግድግዳ የሞላ መጽሐፍ ልብ ይሞላልን?



አንዳንድ ቤት ስንገባ ዓይናችን የሚያርፈው ከወለል እስከ ኮርኒስ በተደረደሩ መጻሕፍት ላይ ነው። ቡፌውን በብርጭቆ ከመሙላት ግድግዳን በኪታብ ማስዋብ መልካም ነው። ዳሩ ግን መጻሕፍቱ ከጌጥነት አልፈው ለቤተሰቡ ይጠቅማሉን?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የአንደሉስን ታሪክ የጻፉት አል-መቀሪ እንደዘገቡት፣ አል-ሐድረሚ የተባሉ ሰው በቁርጡባ የመጽሐፍ ገበያ ለረጅም ጊዜ ሲፈልጉት የነበረ ኪታብ ለጨረታ ቀርቦ ያገኛሉ። ዋጋ በጨመሩ ቁጥር ሌላው ይበልጥባቸዋል። ከልክ ሲያልፍ «ተጫራቹን አሳዩኝ» አሉ። ያማረ ልብስ የለበሰ ሰው ነበር። ዓሊም መስሏቸው በአክብሮት ቢያናግሩት፣ ዓሊም አለመሆኑን፣ በኪታቡ ውስጥ ምን እንዳለም እንደማያውቅ ነገራቸው። ቤተ መጻሕፍት ያቋቋመው በከተማዋ ታላላቆች ዘንድ ለመታየት ሲሆን፣ የቀረውን አንድ ክፍት ቦታ ይህ ኪታብ ልክ ይሞላለት ነበር። አል-ሐድረሚም ጥርስ ለሌለው ሰው ለውዝ እንደተሰጠ ቆጥረው አዘኑ።

በ10ኛው መቶ ዘመን የኖሩት የጂኦግራፊ ሊቅ አል-ሙቀደሲ ደግሞ በ983 (እ.ኤ.አ.) የሞተው ንጉሥ ዐዱድ አል-ደውላ በሺራዝ ስላሠራው ቤተ መጻሕፍት ጽፈዋል። ከግድግዳው ጋር የተያያዙት ያጌጡ ቁም ሣጥኖች ቁመታቸው የአንድ ሰው ቁመት፣ ስፋታቸው ሦስት ክንድ ነበር። ለየዕውቀቱ ዘርፍ የራሱ ቁም ሣጥንና የመጻሕፍት ዝርዝር ነበረው። ታዲያ ያን ሁሉ ኪታብ ለማየት የሚፈቀድለት የተከበረ ሰው ብቻ ነበር።

በእኛ ቤት ግን ከሁሉ በፊት ሊፈቀድለት የሚገባው ሕፃኑ ነው። ስለዚህ የልጆችን መጻሕፍት እጃቸው በሚደርስበት መደርደሪያ፣ ከባዶቹን ጥራዞች ከታች፣ አልፎ አልፎ የምናወጣቸውን ከላይ እናድርግ። ሙስሐፉ ከፍ ባለ ንጹሕ ቦታ ይቀመጥ፤ ነገር ግን አቧራ እስኪለብስ ከእጅ አይራቅ።

ለአናጢው የምንነግረውም አለ። ለአብዛኞቹ መጻሕፍት ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል። ጣውላው በመጻሕፍቱ ክብደት እንዳይጎብጥ በየ80 ሳንቲ ሜትሩ ወይም ከዚያ ባነሰ ርቀት ደጋፊ ይኑረው። ልጅ ተንጠላጥሎ እንዳይጥለው መደርደሪያው ከግድግዳው ጋር በብሎን ይታሰር። የመጨረሻው ጣውላ የወለል እጥበት ውኃ እንዳይነካው ከፍ ይበል፤ እርጥበት ያለበት ግድግዳና ቀጥተኛ ፀሐይም መጽሐፍን ያበላሻሉ።

አቅም ለሌለው አንዲት ጣውላ ትበቃለች። የመጀመሪያው ወሕይ «አንብብ» የሚል ትእዛዝ ነበርና፣ ከመግሪብ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ከልጆቻችን ጋር ከዚያች ጣውላ አንድ ኪታብ አውርደን እናንብብ። ከመደርደሪያው ላይ የጎደለ መጽሐፍ በአንድ ልጅ እጅ ከተገኘ፣ ያ ክፍት ቦታ የቤቱ ውበት ነው። አላህ ጠቃሚ ዒልም ይስጠን።