ከቢቸናና ከሞጣ ለሚጦምር ሰው፦ ከፊደል ገበታው እስከ ሰርቨሩ

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኝ ሰባራ ድልድይ የሚባል መሻገሪያ አለ። በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገርለታል። ሰባራ የተባለው በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች መሐሉን ስለሰበሩት ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው በገመድ እየተጎተተ ሲሻገርበት ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ የዚህ መሻገሪያ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣ፤ ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ አይቶት ድልድዩን ለማስጠገን ተነሣ። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለው በብዙ አገር የእግረኛ ድልድይ የሚሠራ ድርጅት የተወለደው ከዚህ ነው። አንድ የታተመ ሥዕል ይህን ያህል አደረገ። ያን ሥዕል አንስቶ ያሳተመው ግን የሩቅ ሰው ነበር። ዛሬም ስለ ሰባራ ድልድይ በኢንተርኔት የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው በብዛት በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ነው። የሞጣ ሽማግሌ የሚያውቀው፣ የቢቸና መምህር የሰበሰበው፣ በፍቅር እስከ መቃብር ስሟን የምናውቃት የዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ሰው የያዘው በአማርኛ፣ በቋሚ ቦታ፣ ተፈልጎ በሚገኝበት መልክ አልተቀመጠም።

የሚጽፍ ሰው ጠፍቶ አይደለም። በፌስቡክና በቴሌግራም በየቀኑ ይጻፋል፤ አንዳንዱም መጽሐፍ የሚወጣው ነው። ችግሩ እዚያ የተለጠፈ ጽሑፍ ከሳምንት በኋላ ወደ ታች መስመጡ፣ ገጹ ከተዘጋ ወይም ስልኩ ከጠፋ አብሮ መሄዱ ነው። ጦማር ግን ጸሐፊው በራሱ ስም የሚያቆመው፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ የራሱ ቋሚ አድራሻ ያለው ድረ ገጽ ነው። እንዲህ ያለውን ቤት ከምሥራቅ ጎጃም ከተማ ሆኖ ለማቆም የትኛው ዕቃና የትኛው ፕሮግራም እንደሚያዋጣ ማየት የዚህ ዳሰሳ ሥራ ነው።

መጻፊያው አብዛኛውን ጊዜ ስልክ ነው። ለጽሑፍ ሥራ ውድ ስልክ አያስፈልግም፤ ከዋጋው ይልቅ የባትሪው ጥንካሬና ባዶ ቦታው ይበልጣል። ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ያገለገለ ቢይዝ ምንም አይጎዳም፤ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ አስቀይሮ ራሙን 8 ጊጋባይት ካደረሰው ለዓመታት ይሠራለታል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ደግሞ ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። ስለዚህ ሊነክስ ሚንትን የመሰለ ነፃ ሥርዓት መጫን እዚህ ጋ ብልህነት ነው፤ በፍላሽ ከሰው ሰው ለሚዞረው ቫይረስም ያን ያህል አይጋለጥም። መብራት በሚሄድበት ከተማ ደግሞ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ የተለየ ጥቅም የለውም፤ ሲገዛ መጀመሪያ የሚፈተሸው እሱ ነው።

ስለ ፊደሉ ትንሽ ሰፋ አድርጎ ማውራት ያስፈልጋል፤ ብዙው ጥፋት የሚደርሰው እዚያ ነውና። በ1980ዎቹ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ እንደ ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ሰዎች የግዕዝን ፊደል ወደ ኮምፒውተር ሲያስገቡ የሚስማሙበት የጋራ ኮድ አልነበረም። ከዚያ በኋላም እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሎቹን በራሱ ቁጥር ሲመዘግብ ቆየ። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ትርምስ ይሆናል። መላ የመጣው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ የግዕዝን ፊደል ሲያካትት ነው፤ በ2005 ተጨማሪ ሆሄያት ገቡለት። ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ሲመጣ ደግሞ ኮምፒውተር ገዝቶ ምንም ሳይጭኑ አማርኛ ማንበብ ተቻለ። ዛሬ ስልኩም ፊደሉን ይዞ ይመጣል፤ ጂቦርድ በስልክ፣ ኪይማን በኮምፒውተር መጻፊያ ይሆናሉ።

ሆኖም አሮጌው ጣጣ አላለቀም። በየከተማው ባሉት የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች የድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እዚያ አስተይቦ በፍላሽ ያመጣውን ጽሑፍ ጦማሩ ላይ ኮፒ ፔስት የሚያደርግ ሰው የሚያገኘው ያንኑ ትርምስ ነው። ብዙዎች በዚህ ተማርረው ጽሑፉን ፎቶ አንስተው ይለጥፉታል። ለዓይን ይነበባል፤ ለጎግል ግን ሥዕል እንጂ ቃል አይደለም፤ በስሙ ፈልጎ የሚያገኘው የለም፤ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራምም ዝም ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ታይፒስቷን በዩኒኮድ እንድትተይብ መጠየቅ። ፓወር ግዕዝ ራሱ የዩኒኮድ ምርጫ ያለው እትም አለው።

ዩኒኮድ በኢንተርኔት ላይ የሚጓዘው ዩቲኤፍ-8 በሚባል አጻጻፍ ነው። በዚህ አጻጻፍ አንድ የላቲን ሆሄ 1 ባይት፣ አንድ የግዕዝ ሆሄ 3 ባይት ይወስዳል። ቢቸና በእኛ ፊደል 3 ሆሄ ስለሆነች 9 ባይት ትሆናለች፤ በላቲን 7 ሆሄ ስለሚፈጅባት 7 ባይት። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ ልዩነቱ ከተፈራው ያነሰ ነው። 7000 ያህል ሆሄ ያለው ረዘም ያለ መጣጥፍ ከ20 ኪሎባይት ብዙ አይርቅም። ስልክ ያነሣው፣ ያልተቀነሰ አንድ ፎቶ ግን በቀላሉ 3 ሜጋባይት ይሆናል፤ የ150 መጣጥፍ ክብደት ማለት ነው። አንባቢው ፓኬጅ ገዝቶ በቆጠበው ዳታ የሚከፍተው ገጽ እንዲህ ያሉ አምስት ፎቶዎች ከተጫኑበት፣ በደካማ ኔትወርክ ሳይከፈት ይቀራል። ፎቶውን ከመለጠፍ በፊት ስፋቱን ወደ 1000 ፒክስል ዝቅ ማድረግ ሌላ ምንም ዕቃ ሳይገዙ ገጹን ያፈጥነዋል።

ፍለጋም የራሱ ጣጣ አለበት። ከተማዋን አንዱ ቢቸና፣ ሌላው ብቸና ብሎ ይጽፋል። ፀሐይና ጸሀይ፣ ዓባይና አባይ ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ለአማርኛ ያልተሰናዳ የጦማር መፈለጊያ ሣጥን ይህን አያውቅም። ልምድ ያለው ጸሐፊ አንዱን አጻጻፍ በርእሱ፣ ሌላውን በጽሑፉ መሐል ያስገባል።

ጽሑፉን ወደ ድረ ገጽ የሚለውጠው ፕሮግራም ብዙ ዓይነት ነው፤ በዋናነት ግን ሦስት መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው፣ በ2003 ጎግል የገዛው ብሎገር ሁሉን በነፃ ይሰጣል፤ የጎግል አካውንት ካለ በቂ ነው። በአማርኛ የጦማር ታሪክ ትልቁን ቦታ የያዘውም እሱ ነው። ዳንኤል ክብረት በዚሁ መድረክ የጻፋቸው ወጎች ኋላ በመጽሐፍ ተሰብስበው ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተነሡት የዞን 9 ጦማርያንም እዚያው ነበሩ፤ ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር በሚያዝያ 2014 ታሰሩ። መድረኩ የአንድ ኩባንያ መሆኑ ግን ዋጋ አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ገደማ ጀምሮ የብሎገር ጦማሮች የሚገኙበት ብሎግስፖት የሚለው አድራሻ ራሱ በኢትዮጵያ ሲታገድ፣ ስለ ምግብ አሠራር የሚጽፈውም ስለ ፖለቲካ የሚጽፈውም አብረው ተዘጉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከ200 በላይ ድረ ገጾች እስኪከፈቱ ድረስ ነገሩ እየጠበቀም እየላላም ቆይቷል።

ሁለተኛው ወርድፕሬስ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003 ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል ያወጡት ይህ ነፃ ፕሮግራም ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከአሥሩ አራቱን ያህል ያንቀሳቅሳል። ሀብታም ነው፤ የማያደርገው የለም። ነገር ግን ፒኤችፒ በተባለ ቋንቋ የተጻፈ፣ ከመረጃ ቋት ጋር እየተነጋገረ ገጹን በየጊዜው የሚያሰናዳ ስለሆነ ክብካቤ ይፈልጋል። ተጨማሪ ፕለጊኖቹን ለወራት ያላደሰ ሰው ገጹን ለሰርጎ ገብ ከፍቶ ሰጠ ማለት ነው። ኔትወርክ ለሳምንታት በሚጠፋበት አካባቢ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ሸክም ነው።

እኔ ለእነዚህ ከተሞች የማደላው ለሦስተኛው፣ ቋሚ ገጽ ለሚሠሩት እንደ ሁጎና ጄኪል ላሉት ነው። ጽሑፉ በላፕቶፑ ላይ ተራ የጽሑፍ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል፤ ፕሮግራሙ እዚያው፣ ያለ ኢንተርኔት፣ ሙሉውን ጦማር በሴኮንዶች ወደ ተዘጋጁ ገጾች ይለውጠዋል፤ ኔትወርክ በመጣ ሰዓት አዲሱ ብቻ ይላካል። ጦማሩን ለአንባቢ በሚያቀርበው ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ፣ ላይ ገጽ የሚያሰናዳ ፕሮግራም ስለሌለ የሚሰበር ነገር ጥቂት ነው። ጊትሃብ ፔጅስ የመሰሉ አገልግሎቶች እንዲህ ያለውን ጦማር በነፃ ያስተናግዳሉ። ጉድለቱ መጀመሪያ ላይ ጥቁር መስኮት ከፍቶ ትእዛዝ መጻፍ መጠየቁ ነው፤ የሚያሳይ ሰው ከተገኘ የአንድ ከሰዓት ትምህርት ነው። ላፕቶፕ ለሌለው፣ ስልክ ብቻ ለያዘ ሰው ብሎገር ይሻላል።

ሰርቨሩን ቤት ውስጥ ማቆም የሚመኙ ወጣቶች አሉ፤ ምኞቱ ደስ ይላል። ራዝበሪ ፓይ የተባለችው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣች፣ የመታወቂያ ካርድ የምታክል ኮምፒውተር ከ10 ዋት በታች እየበላች ጦማር ማስተናገድ ትችላለች፤ 20000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሆነ ጥሩ ፓወር ባንክ ግማሽ ቀን ያህል ያቆያታል። እንቅፋቱ ከመብራቱ ይልቅ አድራሻው ነው። አሮጌው የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት ከ4.3 ቢሊዮን የማይበልጥ ቁጥር ስላለው፣ በሞባይል ዳታ የሚገባ ደንበኛ በአብዛኛው የራሱ አድራሻ አይሰጠውም፤ ብዙዎች አንዱን ይጋራሉ። ከውጭ የመጣ አንባቢ እነዚያን ሁሉ አልፎ የእናንተን ቤት በር አያገኘውም። ክላውድፍሌርን በመሰሉ ድርጅቶች በኩል መሿለኪያ መዘርጋት ይቻላል፤ ነገር ግን ኔትወርኩ ሲጠፋ ጦማሩም ይጠፋል። ራዝበሪ ፓይ በትምህርት ቤት ውስጥ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ በዋይፋይ ተማሪዎች የሚያነቡት ጦማርና ቤተ መጻሕፍት ለማድረግ ግን ተወዳዳሪ የላትም።

ለአደባባይ ጦማር የሚሻለው ከሩቅ መከራየት ነው። ለዚህ ያለንበት ሁኔታ በቂ ምክንያት ሰጥቶናል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ወቅት አንስቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ሰርቨሩ ሩቅ የሆነ ጦማር ባለቤቱ ሊደርስበት ባይችልም ለአዲስ አበባና ለውጭ አገር አንባቢ ክፍት ሆኖ ቆየ። ሩቅ ማለት አውሮፓ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም ዊንጉና ራክሲዮን የመሰሉ የግል የመረጃ ማዕከላት ተከፍተዋል። ርቀቱ ለንባብ የሚሰማ አይደለም፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200 ሺህ ኪሎሜትር ያህል ይጓዛል። የሚያስቸግረው የመንገዱ መቆረጥ ነው። ወደብ ስለሌለን በጂቡቲና በሌሎች ጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር ገመድ እንደርሳለን፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ቀይ ባሕር ውስጥ ገመዶች ሲቆረጡ የብዙ አገሮች ግንኙነት ተናግቷል።

ለውጭ ድርጅት ለመክፈል በዶላር የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል፤ ለብዙው መምህርና የመንግሥት ሠራተኛ ዋናው መሰናክል ይህ ነው። ዘመድ ውጭ ያለው በዘመዱ ያስከፍላል። የአገር ውስጥ ሆስቲንግ ሻጮች በብር፣ አንዳንዶቹም በቴሌብር ይቀበላሉ። ግንኙነቱ የተመሰጠረ መሆኑን በአንዳንድ ማሰሻዎች የሚያሳየው የቁልፍ ምልክት ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው አገልግሎት ለዚህ የሚያስፈልገውን የምስክር ወረቀት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል።

ገንዘብ ካለ የሚወጣበት ቦታ ስሙ ነው፤ ዶሜይኑ። የራሱ ስም ያለው ሰው ከብሎገር ወደ ሁጎ፣ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ሲዛወር አንባቢው ሳያውቀው ያልፋል። የጽሑፉን ቅጂ ደግሞ በላፕቶፑ፣ በፍላሽና በሌላ ሰው እጅ ማስቀመጥ ይገባል። ያሁ ጂኦሲቲስን እ.ኤ.አ. በ2009 ሲዘጋ በነፃ የተሰጠ ቦታ ላይ የተሠሩ እጅግ ብዙ የግል ገጾች ከነበሩበት ጠፍተዋል፤ የተረፈው በጎ ፈቃደኞችና የኢንተርኔት አርካይቭ የቀዱት ነው።

ዶሜይን በኪራይ እንጂ በግዢ አይያዝም። ዶት ኮም የሆነ ስም ካልታደሰ ሻጩ እስከ 45 ቀን ሊታገሠው ይችላል፤ ከዚያ ከፍ ባለ ክፍያ የሚመለስበት 30 ቀን አለ፤ ያም ካለፈ ከ5 ቀን በኋላ ማንም ይወስደዋል። የማደሻው ማስታወቂያ የሚመጣው በተመዘገበው ኢሜይል ነው። ባለቤቱ ታሞ ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ ኢሜይሉን ካልከፈተ የዓመታት ሥራ የነበረበት አድራሻ የሌላ ሰው ማስታወቂያ መለጠፊያ ይሆናል። ስለዚህ ሲመዘገብ ሁለተኛ ሰው፣ ልጅም ይሁን የሥራ ባልደረባ፣ በተለይ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለ፣ የይለፍ ቃሉንና የማደሻውን ቀን በወረቀት ጽፎ እንዲይዝ ማድረግ ከሰርቨር ምርጫ ቀድሞ የሚሠራ ሥራ ነው።